የእሁድ ማንኪያ

ስምንት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ መዋሸት አላውቅም ነበር። ይህን የምለው ራሴን ለማሞካሸት አይደለም፤ ቤተሰቡን ያስመረርኩ ልጅ ነበርኩ። አንድ ጊዜ አክስቴ በገዛ እጇ የጋገረችውን ኬክ ይዛ መጣች። እናቴ «እጅሽ ይባረክ!» አለች፤ ወንድሜ አፉን ሞልቶ ራሱን ነቀነቀ፤ አባቴ ሁለተኛ ቁራሽ አነሳ። እኔ ቀመስኩና «አሸዋ አሸዋ ይላል» አልኩ። የአክስቴ ፊት ቲማቲም መሰለ። አባቴ ሳቁን ሊውጥ ታገለ ታገለና አልሆን ሲለው እንባው እስኪፈስ ሳቀ። «ይቺ ልጅ ለማንም አታዳላም፤ ዳኛ ናት!» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ዳኛዬ» ስሜ ሆኖ ቀረ። አክስቴ ግን ዓመት ሙሉ ቤታችንን አልረገጠችም።

አባቴ ምግብ አብሳይ ነበር። ፋብሪካዎቹ ካሉበት በኩል፣ ለሠራተኞች ምሳ በሚያቀርብ ሰፊ ምግብ ቤት የማብሰያ ክፍሉ አለቃ እሱ ነው። ሾርባው ስም ነበረው፤ ከሌላ ሰፈር በአውቶቡስ መጥተው የሚበሉለት ነበሩ። ቀምሶ አያውቅም፣ ያሸታል እንጂ። ከድስቱ ሁለት እርምጃ ርቆ ይቆምና አየሩን ስቦ «ሽንኩርቱን ቸኩላችሁበታል» ሲል ረዳቶቹ ይደነግጡ ነበር አሉ። ወንድሜ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ገና በሩ ላይ «ምሳህን ለጓደኛህ ሰጥተህ የሱን ብስኩት በልተሃል» ይለው ነበር። እውነት ነው፣ አንድም ቀን ስቶ አያውቅም።

እሁድ ምግብ ቤቱ ዝግ ነው። ሌላ አብሳይ ቢሆን እሁድን ከምድጃ ርቆ እግሩን ዘርግቶ ያሳልፋል። የኛው ግን አራታችንን አሮጌ መኪናው ውስጥ ጠቅጥቆ ሌላ ሰው ያበሰለውን ሊበላ ይወጣል። የመኪናው የኋላ በር ከውጭ ካልሆነ አይከፈትም። ስለዚህ በደረስን ቁጥር ወንድሜ በመስኮት ዘሎ ወርዶ ይከፍትልኛል። ወንድሜ በሦስት ዓመት ይበልጠኛል፤ ሁላችንም የምንጠራው «ሆዶ» እያልን ነው፤ ለምን እንደሆነ ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም።

የምንኖረው ከከተማው ዳር ነበር። ትልቁ መንገድ ከነዳጅ ማደያው ተነስቶ እስከ አውቶቡሶቹ መጨረሻ ፌርማታ ድረስ ግራና ቀኙን ምግብ ቤት ነው። አንዱ የጠረጴዛው ላስቲክ ክርን ላይ የሚጣበቅ፣ የፕላስቲክ አበባ ያለበት። አንዱ በመስተዋት ሳጥን ውስጥ አንዲት ብቸኛ ዓሣ የምትዞርበት፤ ሆዶ «መቼ ነው የሚያበስሏት?» እያለ ሁልጊዜ ይጠይቃል። ከሁሉም ራቅ ብሎ፣ ከኩሬው ዳር፣ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ያለው አለ። እዚያ የሚገቡት ክራባት ያሰሩ ሰዎች ናቸው። «አንድ ቀን» ይለን ነበር አባቴ፣ መኪናውን ቀዝቀዝ አድርጎ እያለፈ።

አሁን ወደዚያች ቅዳሜ ልምጣ። ከሆዶ ጋር ድብብቆሽ ስንጫወት የእናቴና የአባቴ አልጋ ስር ገባሁ። እዚያ ቡናማ ሻንጣ አገኘሁ። ዚፑን ሳብ አድርጌ አየሁ፤ የአባቴ አዲስ ፒጃማ፣ ፎጣ፣ ነጠላ ጫማ፣ የጥርስ ብሩሽ። ጎረቤታችን የነበረው የአውቶቡስ ሹፌር ልክ እንዲህ ያለ ሻንጣ ይዞ ነበር የወጣው። ሦስት ልጆቹን ደጃፉ ላይ እየሳመ «ማክሰኞ እመጣለሁ» ሲላቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስንት ማክሰኞ አለፈ! ሚስቱ አሁን በራቸውን ለማንም አትከፍትም። ለኔ ሻንጣ ማለት ይሄ ነበር፤ አባት የሚወጣበት ዕቃ።

ከአልጋው ስር ሳልወጣ እናቴና አባቴ እየተጨቃጨቁ ገቡ። የማየው እግራቸውን ብቻ ነው።

«ሂድ እያልኩህ ነው!» አለች እናቴ። ድምፅዋ የለቅሶ ነበር። «ሻንጣህን ካዘጋጀሁልህ ሳምንት ሞላው። ምንድነው የምትጠብቀው?»

«አንድ ወር ስጪኝ» አለ አባቴ። «አራት እሁድ። ዳኛዬ ትፈትነኝ። ከወደቅኩ ሻንጣዬን አንስቼ እሄዳለሁ፣ ቃሌ ነው። ካለፍኩ ግን ስለዚህ ሻንጣ ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ።»

«እንዴት ይሄን የሚያህል ነገር ልጅ ላይ ትጥላለህ?»

«አንቺ ታዝኚልኛለሽ። ሆዶ ለሆዱ ሲል ይሸጠኛል። እሷ ናት የማታዳላው።»

እማዬ አባዬን እያባረረችው ነው! ሌላ ትርጉም አልታየኝም። ዛሬ የሚታየኝ ሌላ ነው፤ እናቴ የምትለምነው ሐኪም ቤት እንዲገባ ነበር። አባቴ ሽታ ከጠፋበት ሦስት ወር ሆኖታል፤ ግንባሩን ይወጋዋል፤ ሐኪሙ «ተኝተህ ተመርመር» ብሎ ቀን ቆርጦለታል። እሱ ደግሞ «ጉንፋን ነው፣ ይለቀኛል» ብሎ ሙጭጭ። አፍንጫውን ያጣ አብሳይ መባልን ከሞት በላይ ይፈራ ነበር። ይህን ሁሉ የሰማሁት በጣም ቆይቼ ነው። ያን ጊዜ ግን ለአንድ ወር ያህል እናቴን ጠላኋት፤ ፀጉሬን ልትሠራኝ ስትል እንኳን ራሴን እነጥቃት ነበር።

በማግስቱ የፕላስቲክ አበባው ቤት ገባን። አባቴ እጁን አፋተገና «ዛሬ ጨዋታ አለን» አለ። «ዓይኔ ይታሰራል። ዳኛዬ ከፈለገችው ሳህን በማንኪያ ታቀርብልኛለች፤ እኔ ምን እንደሆነ እናገራለሁ። አምስት ማንኪያ። ሦስቱን ካገኘሁ ሁላችሁም አይስክሬም!» እናቴ የአንገት ሻርፕዋን ፈታ ሰጠችው። እናቴ በአንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ልብስ ተኳሽ ነበረች፤ ልብሷ ሁሉ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ሻርፑን ዓይኑ ላይ ስታስርለት ትንሽ ቆይቶ አየሩን በረጅሙ ሳበ። ምን ፈልጎ እንደነበር አሁን አውቃለሁ።

የመጀመሪያው ማንኪያ የዶሮ ሾርባ ነበር። «የአትክልት ነው» አለ።

«ስህተት!» አልኩ፣ እንደ ልማዴ። አፌ ነው የቀደመኝ።

መንጋጋው ሲንቀሳቀስ አየሁ። እናቴ ቀስ ብላ እጁን ያዘችው፣ «አየህ?» እንደማለት። ያኔ ሻንጣው ትዝ አለኝ። አምላኬ፣ ምን አደረግኩ! ሁለተኛውን ማንኪያ አነሳሁ። ቫኒላ የገባበት የወተት ገንፎ ነው። አላመጠና «ቀረፋ አለው» አለ።

«ልክ!» አልኩ።

በሕይወቴ የመጀመሪያው ውሸት ይሄ ነው። እንዴት ቀላል ነበር! ሆዶ አፉን ከፍቶ አየኝ። እሱም ከዚያው ገንፎ እየበላ ነበር፤ ቀረፋ የሚባል በአጠገቡ አላለፈም። በጠረጴዛው ስር ቅልጥሙን ብየው ከንፈሬን አንቀሳቅሼ «አይስክሬም» አልኩት፤ አፉን ዘጋ። ሦስተኛው ልክ፣ አራተኛው ልክ፣ አምስተኛው ልክ። አባቴ ሻርፑን ሲፈታ ፊቱ በርቷል። ጎንበስ ብሎ ግንባሬን ሳመኝና ለእናቴ «አላልኩሽም?» አላት። እናቴ ሳህኗን ነበር የምታየው። እልኸኛ፣ አልኩ በልቤ፤ ስለተሸነፈች ነው።

ከነዳጅ ማደያው አጠገብ ቆመን የእንጆሪ አይስክሬም በላን። አባቴ ወደ አፍንጫው አስጠግቶ «ኧረ ይሄ እንጆሪ!» አለ። አሁን ሳስበው፣ ከኔ ቀጥሎ እሱም መዋሸት ጀመረ።

ሁለተኛው እሁድ አራት ከአምስት ሰጠሁት። ሙሉ ብሰጥ እናቴ ትነቃብኛለች ብዬ አንዷን ሆን ብዬ ጣልኩበት፤ ብልጥነቴ! ሦስተኛው እሁድ አምስት ከአምስት። መኪናው ውስጥ እያፏጨ ነዳ፤ ሆዶ በመስኮት ሲዘል እንኳን «ቀስ በል፣ እግርህን!» ብሎ አልተቆጣም። እኔ በኩራት ልፈነዳ ደርሻለሁ። አባቴን በአንዲት ቃል ቤቱ አስቀመጥኩት፤ የሹፌሩ ልጆች ይህን ብልሃት አለማወቃቸው አሳዘነኝ።

በመሀል አንድ ቀን ከሰዓት የምግብ ቤቱ ባለቤት ቤታችን መጣ። ጋሼ ቁልፉ ነበር የምንለው፤ ወገቡ ላይ የሚንጠለጠለው የቁልፍ ክምር ገና ከመንገድ ይሰማል። ውሃ ብቻ ጠጣ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራርጎ «ወንድሜ፣ እንዳትቀየመኝ» አለ። «ሾርባው ትናንትም አረረ፣ ከትናንት ወዲያም አረረ። ጭሱ አዳራሹ ድረስ ሲመጣ አንተ ድስቱ አጠገብ ቆመህ ነው። ልጆቹ ፈርተውህ አልነገሩህም።»

አባቴ አንገቱን ደፋ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበርና አላስቻለኝም። «አባዬ ሁሉንም ያውቃል!» ብዬ ጮህኩ። «እሁድ አምስት ከአምስት አግኝቷል! እኔ ነኝ የፈተንኩት!»

ጋሼ ቁልፉ ወደኔ፣ ከዚያ ወደ አባቴ አየ። አባቴ ቀና አለ። «ሰማህ?» አለው። «ይቺ ልጅ ለማንም እንደማታዳላ አንተም ታውቃለህ።» ጋሼ ቁልፉ ከወንበሩ ተነሳ። ሲወጣ ጭንቅላቴን ዳበሰኝ፤ ቁልፎቹ ሹፌሩ ቤት እስኪደርስ ይሰሙኝ ነበር። ምቀኛ ነው ብዬ ነበር። ለካ ያ ደግ ሰው ከዚያ በኋላ አንድ ረዳት ከአባቴ ኋላ አቁሞ በየድስቱ ያስቀምስ ኖሯል፤ ለአባቴ ሳይነግሩት።

አራተኛው እሁድ አለፈ። አባቴም ፈተናውን አለፈ። ሐኪሙ የቆረጠው ቀን መጥቶ ሄደ። እናቴ ስለ ሻንጣው ሁለተኛ አላነሳችም፤ ቃሏን የምትጠብቅ ሴት ናት። እኔ ግን በየማታው አልጋው ስር እያጎነበስኩ አያለሁ። ሻንጣው እዚያው ነበር፤ አልፈታችውም።

አባቴ ይከሳ ጀመር። ብርሃን አልወድም ይላል፣ መጋረጃ ይዘጋል፣ ግንባሩን በመዳፉ ይዞ ይቀመጣል። ሆኖም ከሁለት ወር በኋላ አንድ እሁድ ጠዋት ክራባት አስሮ ብቅ አለ። «ተነሱ! ኩሬው ዳር ነን ዛሬ» አለ። ሆዶ ሱሪውን ገልብጦ እስኪለብስ ድረስ ጮቤ ረገጠ።

ነጩ የጠረጴዛ ልብስ እጄን እንዳላስቀምጥበት አስፈራኝ። አስተናጋጁ ጓንት አድርጓል። አባቴ ዓሣ አዘዘ፣ ለአራታችን አንድ ትልቅ፣ እንዳለ የተጠበሰ። በብረት ክዳን ተሸፍኖ መጣ። አስተናጋጁ ክዳኑን ብድግ አደረገው።

እንዲህ ያለ ሽታ አላውቅም። ሆዶ፣ ያ ሆዶ፣ «እፍ!» ብሎ ወደ ኋላ ሄደ። እኔ አፍንጫዬን ያዝኩ። እናቴ ሻርፕዋን አፏ ላይ ጣል አደረገች። አስተናጋጁ ራሱ ክዳኑን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። አባቴ ግን ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደ ድሮው፣ ድስት ላይ እንደሚያደርገው፣ ወደ ሳህኑ ጎንበስ አለና አየሩን በረጅሙ ሳበ።

«አቤት!» አለ። «ትኩስ ነው። ዛሬ የተያዘ ነው።» ቆርሶ ጎረሰ።

ሲያላምጥ ዓይኑን ገለጠ። ሦስታችንም አፍንጫችንን ይዘን ነበር። ማላመጡን አቆመ። እጄን ላወርድ ፈለግሁ፣ አቃተኝ። አንድ በአንድ አየን፤ እናቴን፣ ሆዶን፣ በመጨረሻ እኔን። የጎረሰውን በእጁ ተቀብሎ ሳህኑ ዳር አስቀመጠ።

«አንሳው ወንድሜ» አለች እናቴ ለአስተናጋጁ፣ በቀስታ።

«ዳኛዬ» አለ አባቴ። «ያ ሁሉ እሁድ... ልክ ያልሽኝ ስንቱ ነው ልክ?»

«በዕድል... አንዳንዴ አንዱን ታገኝ ነበር» አልኩ።

«ለምን ዋሸሽኝ የኔ ልጅ?»

«ሻንጣህን ይዘህ እንዳትሄድብን» አልኩና ፈነዳሁ። «እማዬ ሂድ ስትልህ ሰምቻለሁ! እንደ ሹፌሩ እንዳትጠፋብን!»

ከእናቴ ጉሮሮ የወጣው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። አባቴ ወንበሩን ገፋ አድርጎ አነሳኝ፤ የስምንት ዓመት ልጅ ጭኑ ላይ አስቀመጠኝ፤ ክራባቱን በእንባዬ አበላሸሁበት። «ወይ ዳኛዬ» ይላል፣ «ወይ ዳኛዬ»፣ ሌላ ቃል የለውም። አልተቆጣኝም። ምነው በተቆጣኝ! በጥፊ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሻንጣውን አነሳ። ጋሼ ቁልፉ በመኪናው ሊወስደው መጥቶ ደጅ ቆሟል። አባቴ ሆዶን ሳመ፣ እኔን ሳመኝ። «ለምርመራ ነው፤ ማክሰኞ እመጣለሁ» አለ። ማክሰኞ! እዬዬዬን አቀለጥኩት። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። አባቴ ምን እንደነካኝ ስላልገባው ደጋግሞ «ማክሰኞ እኮ ነው፣ ማክሰኞ» ይለኛል።

ከአፍንጫው በላይ፣ ከግንባሩ ኋላ የበቀለ እብጠት ነበር። ሐኪሞቹ «አድጓል» ብለው ለቀዶ ሕክምና አስቀሩት። እኔ ትልቅ ሴት ከሆንኩ በኋላ አንዲት የጭንቅላት ሐኪም ፊት ተቀምጬ ጠየቅኋት፤ «ሁለት ወር ቀደም ብሎ ቢመጣስ ኖሮ?» ወረቀቶቿን እያስተካከለች «ኧረ ብዙ ለውጥ አያመጣም ነበር» አለችኝ፣ ቶሎ፣ ደስ በሚል ድምፅ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። እኔም «ልክ!» ስል እንዲሁ ነበርኩ። አመስግኛት ወጣሁ።

እናቴንም ጠይቄያታለሁ፣ ካረጀች በኋላ። «አንቺ ልክ ስትይ እኔም ከዚያው ሳህን እየበላሁ ነበር» አለችኝ። «ላጋልጥሽ አፌን እከፍታለሁ፤ ፊቱን ሳይ ደግሞ፣ ይቺን እሁድ ብቻ ደስ ይበለው፣ እላለሁ። በሚቀጥለው እነግረዋለሁ፣ እላለሁ።» እንዲህ እያልን ሦስታችንም አንድ ሰው ላይ አበርን፤ ሁላችንም እየወደድነው።

በሦስተኛው ሳምንት እሁድ ሐኪም ቤት ወሰዱን። አራት አልጋ ያለበት ክፍል ነው፤ የሱ መስኮቱ ጥግ ያለው ነው። ጭንቅላቱ በፋሻ ተጠቅልሎ ሌላ ሰው መሰለኝ። ሻንጣው አልጋው ስር ነበር፤ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። ምሳ መጥቶለት ሳይነካው ቀዝቅዟል፤ ብርቱካናማ ሾርባ።

«እሁድ አይደል እንዴ?» አለ አባቴ፣ ድምፁ ሰልሎ። «ጨዋታችንስ? ነይ ዳኛዬ፣ አቅርቢልኝ።» ዓይኑን ራሱ ጨፈነ።

እኔ ከዚያ ከኩሬው ዳር ጀምሮ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ፤ ምንም ቢመጣ ዳግመኛ አልዋሽም ብያለሁ። በየማታው ብርድ ልብሴ ውስጥ ገብቼ እምል ነበር፤ ከአሁን በኋላ እውነት ብቻ ከተናገርኩ ይድናል ብዬ። ማንኪያውን ሞልቼ አፉ ውስጥ ከተትኩ። ብዙ ጊዜ ቆየ። በከንፈሩ ዳር የፈሰሰውን በእጄ ጠረግሁለት።

«ካሮት» አለ። ፈገግ ብሏል።

ዱባ ነበር። ቀና ስል እናቴ ከራስጌው በኩል ሆና በዓይኗ ትለምነኛለች። ከንፈሯ ድምፅ ሳያወጣ «ልክ» ይላል። ሆዶም ከግርጌ ቆሞ ራሱን ይነቀንቃል፤ አይስክሬም ማንም ቃል አልገባለትም፣ እንዲሁ ነው የሚነቀንቀው።

«ስህተት» አልኩ። «ዱባ ነው።»

አባቴ ዓይኑን ገለጠ። ፈገግታው ወዲያው አልጠፋም፤ ቀስ እያለ ነው የሄደው። «ጎበዝ» አለኝ። «ጎበዝ፣ ዳኛዬ።» ሁለተኛ ማንኪያ ሳቀርብለት «በቃኝ» አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። በሞቴ ብትለው፣ አፈር ስሆን ብትለው፣ እናቴ አንድ ጉንጭ ልታስቀምሰው አልቻለችም።

ማክሰኞ ዕለት ሻንጣው ቤት ገባ። ይዛው የመጣችው እናቴ ነበረች።